ባለ አምስት ዘንባባው ሜዳይ፦ በጫግኒ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ከጥቂት ወራት በፊት፣ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ አሜሪካ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ በቴሌግራም አምስት ፎቶ ላከልኝ። የአንድ ሜዳይ ፎቶ ነው፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን የተነሣ። ጥብጣቡ ላይ አምስት ትንንሽ የዘንባባ ቅርንጫፎች ተሰክተዋል። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ «ጋሼ፣ የአባባን ሜዳይ ዓይነት አገኘሁ። የኢንተርኔት ጨረታ ላይ ነው፤ ነገ ማታ ይዘጋል። ልግዛው?»

አባባ የሚለው አያቱን፣ የእኔን አባት ነው። አባቴ በጠላት፣ በጣሊያን፣ ወረራ ዘመን በጓንጓና በዚገም ቆላ ከተዋጉት አንዱ ነበር። ሜዳዩን በልጅነቴ አይቼዋለሁ። እናቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ታኖረው ነበር፤ የሚወጣው ለሚያዝያ 27ቱ የድል በዓል ብቻ ነው። በ1967 ዓ.ም. የንጉሡን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ ምስል የያዘ ነገር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ሲያስፈራ ከሳጥኑ ወጣ፤ ማን እንደወሰደው፣ የት እንደተቀበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ልጁ ይህን ከእናቱ እየሰማ ነው ያደገው። ሊገዛ ያሰበው ለራሱ አይደለም፤ ለእናቱ ሊሰጣት፣ የጠፋውን ሊመልስላት ፈልጎ ነው።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ፊደሉ ነው። የንጉሡ «ሥ» ሦስቱ ጣቶች ተጣብቀው አንድ ጉብታ ሆነዋል። የ«ሴ» ቀለበት ተደፍኖ ፊደሏ «ሲ» መስላለች። የንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭና ጢም እንደ ቀለጠ ሰም ለስልሷል። «አትግዛው፤ ፎርጅድ ነው» አልኩት። «በምን አወቅህ?» አለኝ። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ፤ ሻጮች የሚያጭበረብሩት ብዙ ጊዜ በቃል ነውና። ኒሻን ሌላ ነው፣ ሜዳይ ሌላ ነው፣ የክፍል ምልክት ደግሞ ሌላ ነው። ኒሻን ደረጃ አለው፤ ከፈረሰኛ ደረጃ ተነሥቶ እስከ ታላቁ ኮርዶን ይደርሳል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1866 ዓ.ም. ገደማ የሰሎሞን ማኅተም ኒሻንን አቋቋሙ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1877 ዓ.ም. ገደማ፣ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻንን መሠረቱ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን፣ በ1923ቱ የዘውድ በዓል ደግሞ የቅድስት ሥላሴ ኒሻን ተከተለ። አበበ ቢቂላ በ1953 ዓ.ም. መባቻ ከሮም ሲመለስ የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ነው። ሜዳይ ግን ለአንድ ሥራ፣ ለአንድ ዘመቻ ወይም ለአንድ ዘመን አገልግሎት የሚሰጥ ነው። የአርበኝነት ሜዳይ አለ፤ ከንጉሡ ጋር ለተሰደዱት የተሰጠ የስደት ሜዳይ አለ፤ የኮሪያ ሜዳይ አለ። የክፍል ምልክት፣ ዛሬ ባጅ የምንለው፣ ወታደሩ የየትኛው ጦር ልጅ እንደሆነ የሚያሳይ ብረት ወይም ጨርቅ ነው። በጨረታ ገጽ ላይ «የኢትዮጵያ ጀግና ኒሻን» ተብሎ የተለጠፈ ነገር ስታዩ፣ ከዋጋው በፊት የትኛው ኒሻን፣ ስንተኛ ደረጃ፣ በማን ዘመን ብላችሁ ጠይቁ። እውነተኛ ሰብሳቢ ይህን ይመልሳል። አጭበርባሪው ግን «በጣም ብርቅ ነው» ብቻ ነው የሚለው።

ስለዚህ ነገር በአዲስ አበባ ሳይሆን እዚህ ጫግኒ ላይ ልናገር የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ በኩል የሱዳንን ድንበር ተሻግረው ሲገቡ የመጡት ወደ በላያ ተራራ ነው። በላያ ከእኛ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለው ተራራ ነው፤ ቆላ ወርዶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት የጌዴዎን ኃይል ብሎ የሰየመው ጦር በዚያ ቆላ ሲያልፍ ስንቅና ጥይት የጫኑ 15,000 ያህል ግመሎች አሰልፎ ነበር፤ በውሃ ጥምና በዳገት ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቁ። ከበላያ ወደ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ወደ ቡሬ፣ ከቡሬ ወደ ደምበጫ ጦሩ እየተዋጋ አልፎ፣ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

እንግሊዞች በመጻሕፍታቸው ስለዚያ ጥቂት ወር ብዙ ጽፈዋል። ነገር ግን ከዚያ በፊት አምስት ዓመት አለ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በምሥራቅ በኩል በላይ ዘለቀ፣ ከእነሱም ጋር ስማቸው በመጽሐፍ ያልገባ ሺህ ገበሬዎች ነበሩ። የአርበኝነት ሜዳይ ለእነዚህ ነው የተሠራው። ጥብጣቡ ላይ የሚሰካው ዘንባባ የዱር ዘመን መቁጠሪያ ነው፤ አንዱ ዘንባባ ለአንድ ዓመት። አባቶቻችን «ባለ አምስት ዘንባባ» ሲሉ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ለጠላት ሳይገባ ዱር የከረመ ማለታቸው ነው። ሦስት ዘንባባ የነበረው ሰው በሦስቱ አያፍርም፤ አምስት ነው ብሎ ግን አይናገርም። ጎረቤቱ ያውቃላ!

ይህንን አስቡት። ዛሬ አንድ ሰው በማያውቀው አገር ተቀምጦ አምስት የብረት ቅጠል አትሞ ጥብጣብ ላይ ይሰካል፤ በመቶ ዶላሮችም ይሸጣል። እኔ ይህን እንደ ተራ የንግድ ማታለል አላየውም። አምስት ክረምት ዝናብ የደበደበውን ሰው ምስክርነት መስረቅ ነው።

ዘንባባው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ያስተምራልና። ዘንባባው ከሜዳዩ ጋር አብሮ የተመታ ሳይሆን ለብቻው በጥብጣቡ ላይ የሚሰካ ነው። ስለዚህ ሜዳዩ እውነተኛ ሆኖ ዘንባባው ሐሰት ሊሆን ይችላል። ነጋዴ ባለ ሁለት ዘንባባውን ገዝቶ ሦስት ጨምሮበት በባለ አምስት ዋጋ ይሸጠዋል። ይህን የሚያጋልጠው ጥብጣቡ ነው። ብዙ ዓመት በአንድ ቦታ የኖረ ዘንባባ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ከፀሐይ ይጋርደዋል። ከፍ አድርጋችሁ በማጉያ መነጽር ስታዩት ከሥሩ ያለው ቀለም ደመቅ ብሎ፣ ዙሪያው ደብዝዞ ታገኙታላችሁ። የእሾሁ ቀዳዳ አካባቢም የዝገት ወይም የአረንጓዴ እድፍ ይኖራል። ሁለቱ ዘንባባዎች እንዲህ ጥላ ጥለው ሦስቱ ምንም ጥላ ከሌላቸው ሦስቱ ትናንት የመጡ ናቸው። ከአምስት በላይ ከተሰካበት ደግሞ ማጉያም አያስፈልግ። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ተመለሱ። የወረራው ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ ስድስተኛ ዓመት የለውም።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ሜዳይ የሚሠራው እንደ ሳንቲም ነው። ከጠንካራ ብረት የተቀረጸ ቅርጽ ይዘጋጅና በከባድ ማተሚያ ነሐሱ ወይም ብሩ ላይ ይመታል። ምቱ ኃይለኛ ስለሆነ የፊደሉ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለታም ይሆናል፤ በፊደሎቹ መካከል ያለው ሜዳም ለስላሳ ነው። አስመሳዩ ግን ማተሚያም ቅርጽም የለውም። አንድ እውነተኛ ሜዳይ ያገኝና በሸክላ ወይም በጎማ ቅርጹን አንሥቶ የቀለጠ ብረት ያፈስበታል። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ስለዚህ የፈሰሰው ሜዳይ ከእውነተኛው ጥቂት ያንሳል። 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ላይ ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዓይን አይታይም፤ በመለኪያ ግን ይያዛል። የአየር አረፋ የተዋቸው መርፌ መውጊያ የሚያካክሉ ጉድጓዶች ይቀራሉ፤ ጎኑ ላይ ሁለቱ የቅርጹ ክፍሎች የተገናኙበት መስመር በሞረድ ተሞርዶ ይታያል። የወርቅ ሠሪና የአንጥረኛ ልጆች በመካከላችሁ ካላችሁ፣ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ።

የእኅቴ ልጅ በላከልኝ ፎቶ ላይ ያሉት ፊደሎች የተጣበቁት ለዚህ ነው። የቀለጠ ብረት ወደ «ሴ» ቀለበት ውስጥ በትክክል አይገባም። እኛ እዚህ አዳራሽ የተሰበሰብን ሰዎች ትልቅ ጥቅም የምናገኘውም እዚህ ላይ ነው። ለንደን ወይም ሚላኖ ያለው ሰብሳቢ ፊደሉን የሚያየው እንደ ጌጥ ነው፤ ተበላሽቶም ቢሆን አያስታውቀውም። እኛ ግን እናነበዋለን። አራተኛ ክፍል ያለች ልጅ «ሴ»ን ከ«ሲ» ትለያለች። በዚያ ዘመን ደግሞ ጽሑፉን የሚሰጡት ሊቃውንት ነበሩ፤ «ንጉሠ ነገሥት»ን በእሳቱ «ሰ» የሚጽፍ ጸሐፊ በቤተ መንግሥት አይገኝም ነበር። ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ካለቦታው ከገባ፣ የግእዝ ቁጥሩ ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ካልገጠመ፣ ፊደሉ በኮምፒዩተር ከለመድነው ቅርጽ ጋር አንድ ከሆነ ተጠራጠሩ። ያን ጊዜ ፊደሉ የሚቀረጸው በእጅ ነበርና።

ከኋላ የሠሪው ምልክት ሊኖር ይችላል። በአዲስ አበባ የአርመናዊው የሴቫጂያን ቤት ብዙ ኒሻንና ሜዳይ ሠርቷል፤ ከለንደን ማፒን ኤንድ ዌብ፣ ከፓሪስ አርቱስ ቤርትራን የሚባሉት ቤቶችም ለኢትዮጵያ ሠርተዋል። ሻጩ «የሴቫጂያን ማኅተም አለው» ሲላችሁ ግን አትቸኩሉ። ከእውነተኛ ሜዳይ ላይ ቅርጹ የተነሣ ፎርጅድ ማኅተሙንም አብሮ ይገለብጣል። ማኅተሙ ከሌላው ክፍል ይልቅ የደበዘዘ ከሆነ፣ እሱው ራሱ ማስረጃ ይሆንባችኋል።

ብዙ ሰው «ማግኔት አስጠጋበት» ይላል። ማግኔት ጥሩ ነው፤ ግን ራሱን ችሎ አይፈርድም። ነሐስ፣ ናስና ብር በማግኔት አይሳቡም፤ ስለዚህ ነሐስ ነው የተባለ ሜዳይ ማግኔት ላይ ከተጣበቀ በላዩ የተቀባ ብረት ነው። የጀርመኖች የብረት መስቀል ግን ተቃራኒው ነው። በ1813 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በፕሩሺያ የተመሠረተው ይህ መስቀል በመደበኛ አሠራሩ መካከሉ የብረት ልብ፣ ዙሪያው ሁለት የብር ክፈፍ ሆኖ በሦስት ቁራጭ የተሠራ ነው። እሱ ማግኔት ካልሳበው ነው የሚያጠራጥረው። በዓለም ላይ እንደ ሁለተኛው ጦርነት የጀርመን ምልክቶች የተመሳሰለ ነገር ጥቂት ነው፤ ቪየና የነበረ ሶቫል የሚባል ቤት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እንኳ መሥራቱን ቀጥሎ ስለነበር ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ማግኔቱ ምን እንደሚል ለማወቅ፣ ዕቃው ከምን መሠራት እንደነበረበት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኤናሜል ያለበት ኒሻን ከሆነ ቀለሙን ተመልከቱ። እውነተኛ ኤናሜል የቀለጠ መስታወት ነው። ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰበረው፤ በስለትና በስንጥቅ። በጥርስ ነካ ሲያደርጉት ይቀዘቅዛል። የአሁኑ አስመሳይ ቀለምና ሙጫ ነው የሚያፈሰው፤ በጥርስ ሲነካ እንደ ፕላስቲክ ነው፣ በጥፍርም ይቧጨራል።

ከሁሉ የምወደው መሣሪያ ጫግኒ ውስጥ በየሱቁ ያለ ነው። ገንዘብ ተቀባዮች መቶና ሁለት መቶ ብር ፎርጅድ እንዳይሆን የሚያዩበት ሐምራዊ መብራት። ክፍሉን አጨልማችሁ በዚያ መብራት ጥብጣቡን እዩት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፉ ክሮችና ማንጫ ኬሚካሎች በዚያ ብርሃን ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆነው ያበራሉ፤ የጥንቱ ሐርና ጥጥ ድፍን ብሎ ይቀራል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የዛሬ የልብስ ሳሙና ዱቄት ያንኑ ኬሚካል ይዟል። አንዲት እናት የባለቤታቸውን ሜዳይ ለበዓል ብለው ጥብጣቡን በኦሞ አጥበውት ከሆነ፣ እውነተኛው ጥብጣብም ያበራል። መብራት ስላበራ ብቻ የሰውን አባት ሐሰተኛ አትበሉ። ጥብጣብ ደግሞ ሲያልቅ ይቀየራል፤ አዲስ ጥብጣብ ያለው አሮጌ ሜዳይ ብዙ ነው።

የኮሪያውን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል፤ በፈረስ አገር ነው የምናገረውና። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጦራችን ወደ ኮሪያ ሲነሣ የተሰጠው ስም «ቃኘው» ነው። ቃኘው የንጉሠ ነገሥቱ አባት የራስ መኮንን ፈረስ ነው፤ አባ ቃኘው የፈረስ ስማቸው ነበር። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሶቻችን ተሸልመው ሲሰለፉ ያየ ሰው፣ አንድ ሻለቃ ጦር በፈረስ ስም መጠራቱ ምን ክብር እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም፤ የአገው ፈረሰኛ ያውቀዋል። በኮሪያ ከ120 በላይ ልጆቻችን ወደቁ፤ ከዘማቾቹ በጠላት እጅ የተማረከ አንድም የለም።

ለኮሪያ ዘማቾች የተባበሩት መንግሥታት የሰጠው ሜዳይ ነሐስ ነው። የድርጅቱ አርማ ከፊቱ አለ፤ ከኋላው የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መርሆዎች ለመከላከል ለተሰጠ አገልግሎት የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ እንደ ዘማቹ አገር ቋንቋ ይለያያል፤ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በቱርክኛ፣ በግሪክኛ፣ በታይ ቋንቋ፣ በአማርኛም ተሠርቷል። የእንግሊዝኛው በየቦታው ስላለ ርካሽ ነው። የአማርኛው ጥቂት ስለሆነ ይወደዳል፤ የተወደደ ነገር ደግሞ አስመሳይ አያጣም። ጥብጣቡ ቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ መስመሮች እየተፈራረቁበት 17 መስመር አለው፤ ዘጠኙ ሰማያዊ፣ ስምንቱ ነጭ። በእርሳስ ጫፍ እየነካችሁ ቁጠሩት። እኔ ሁልጊዜ እቆጥራለሁ። ከዚያ የኋላውን አማርኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የማይነበብ ቃል ካለ ሜዳዩን መልሱ። የአሜሪካው ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር የክንድ ምልክት፣ በቀይ ክብ ላይ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት የመሰለ፣ የቃኘው ዘማቾችም ያደርጉት ነበር፤ ነገር ግን ያው ጨርቅ በብዙ ሺህ የአሜሪካ ወታደሮች ክንድ ላይ ስለነበር «የቃኘው ዘማች ነው» የሚለው ታሪክ ወረቀት ካልተያያዘው ባዶ ወሬ ነው።

ወረቀት። አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የእንግሊዝ ወታደር በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሰጠውን ሜዳይ ጠርዝ ብታዩ ስሙ፣ ቁጥሩና ክፍሉ ተቀርጾበታል። ከመዝገብ ጋር ያመሳክሩታል። የእኛ ሜዳዮች ግን በአብዛኛው ስም የለባቸውም። የባለቤቱን ማንነት የሚናገረው የምስክር ወረቀቱ፣ ፎቶውና የቤተሰቡ ቃል ነው። ስለዚህ የእኛ ሜዳይ ከቤቱ በወጣ ሰዓት ስሙን ያጣል። ከዚያ በኋላ ሻጭ የፈለገውን ስም ይሰጠዋል። ጨረታ ላይ «የበላይ ዘለቀ ጓድ የነበረ ጀግና ሜዳይ» የሚል ታያላችሁ። በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. ተሰቅሎ ሞተ፤ ስሙ ለሕዝብ የጀግና ስም፣ ለነጋዴ ደግሞ ዋጋ መጨመሪያ ሆነ። ለዚህ ማስረጃችሁ ምንድን ነው ብላችሁ ስትጠይቁ «ከጥንት ቤተሰብ የተገኘ ነው» ይባላል። የትኛው ቤተሰብ? የትኛው ወረዳ? መልስ የለም።

የሐሰት አርበኝነት ደግሞ ኢንተርኔት ያመጣው አይደለም። በድል ማግሥት ከጠላት ጋር ሲበላ የኖረው ሰው ሁሉ አርበኛ ነኝ ብሎ ቀረበ የሚለውን ምሬት ከአባቶቻችን አፍ ያልሰማ የለም። አባቴ ስለ ጦርነቱ ብዙ አይናገርም ነበር፤ ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ ግን ድምፁ ይቀየር ነበር። ሌላውም ዓለም ይህን ያውቀዋል። በአሜሪካ በ2006 እንደ እነሱ አቆጣጠር ያልተሸለሙትን ኒሻን ተሸልሜያለሁ ማለትን የሚቀጣ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው መናገር ብቻውን ወንጀል አይሆንም ብሎ ሻረው፤ በ2013 ደግሞ በሐሰቱ ገንዘብ ወይም ጥቅም ያገኘበትን ብቻ የሚቀጣ ሆኖ ተመለሰ። ይህ ውሳኔ ትክክል ይመስለኛል። ሐሰቱ ጥቅም ሲያመጣ ነው ገበያ የሚሆነው።

ስለ ጨረታው አሠራር ለወጣቶቹ ጥቂት ልበል። ሻጩ የፊቱን ብቻ አሳይቶ የጀርባውንና የጎኑን ፎቶ ሲጠየቅ ሰበብ ካበዛ ተዉት። ፎቶውን በምስል ፍለጋ ፈልጉት፤ ከሌላ ሻጭ ገጽ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ከጨረታው ውጭ በቀጥታ ላክልኝ፣ አስቀንስልሃለሁ የሚል ሰው ገንዘባችሁን ይዞ ይጠፋል። ዋጋው በመጨረሻው ደቂቃ ሲንር ከእናንተ ጋር የሚፎካከረው የሻጩ የራሱ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አስቀድማችሁ የወሰናችሁትን ዋጋ አትለፉ። ከሁሉም በላይ ግን መንትያውን ፈልጉ። እውነተኛ ሜዳይ በዘመኑ የራሱን ጭረት ያገኛል፤ ሁለት ሜዳዮች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ርዝመት፣ አንድ ዓይነት ጭረት ሊኖራቸው አይችልም። ከአንድ ቅርጽ የፈሰሱ ግን ይኖራቸዋል። የእኅቴ ልጅ ያን ሌሊት ሲፈልግ ከንጉሡ ግራ ጆሮ በላይ ያለችውን ያቺኑ ጭረት የያዙ ሌሎች ሁለት ሜዳዮች አገኘ። አንዱ በሌላ አገር፣ በሌላ ሻጭ ስም ነበር። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አልተከራከረም።

ቅጂ ሁሉ ወንጀል እንዳይመስላችሁ። የእሳት አደጋ የቤት ዕቃውን የበላበት አርበኛ ከአዲስ አበባ ሌላ ገዝቶ ለበዓል ቢያደርግ፣ የልጅ ልጅ ሚያዝያ 27 ቀን የአያቷን ሜዳይ ቅጂ ደረቷ ላይ ብትሰካ ነውር የለበትም። ሽልማቱ የተሰጠው ለሰውየው ነውና። ነውሩ ቅጂውን ቅጂ ነው አለማለት ነው። ቅጂ የምታሠሩ ካላችሁ ከጀርባው «ቅጂ» ብላችሁ ዓመቱን አስቀርጹበት፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው እንዳይሳሳት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቀረኝ፤ ከፎርጅዱ ይልቅ እሱ ያስጨንቀኛል። ፎርጅድ የሚሠራው እውነተኛው ተፈላጊ ስለሆነ ነው፤ እውነተኛው ደግሞ ከየቤታችን እየወጣ ነው። አንዲት እናት ለልጃቸው ሕክምና ብለው ሜዳይ ሊሸጡ ወደ እኔ መጥተው ነበር። ገዢው የሰጣቸው ዋጋ በውጭ አገር ከሚሸጥበት አሥረኛ እጅ አይሞላም። ደግሞ አስታውሱ፤ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። የያዛችሁት ቅርስ መሆን አለመሆኑን የወረዳችሁን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ እንጂ የመንገድ ደላላን አትጠይቁ። ችግር ያስገደደው ሰው ላይ አልፈርድም። ሳይመዘገብ፣ ፎቶ ሳይነሣ፣ የማን እንደነበረ ሳይጻፍ አይውጣ ነው የምለው።

የእኅቴ ልጅ ሜዳዩን አልገዛም። በዚያ ገንዘብ ፋንታ በስልክ ሦስት እሑድ ከእናቱና ከእኔ ጋር ተቀምጦ የአባባን ታሪክ ቀዳ። የት እንደተዋጋ፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው ክረምት የትኛው ወንዝ ሞልቶ እንደያዘው፣ ስንት ዘንባባ እንደነበረው። እኔ አምስት ነው የሚመስለኝ ነበር። ታላቅ እኅቴ ግን አራት ነው አለች፤ አንዱን ዓመት ቆስሎ ዘመድ ቤት ተደብቆ ነበር፣ እሱን አላስቆጠረውም አለች። እሷ ታውቃለች፤ ጨርቁን እየፈታች ትወለውልለት የነበረችው እሷ ናት። አራት ብለን ጻፍነው።

ቤታችሁ ሜዳይ፣ ኒሻን ወይም የቆየ የጦር ምልክት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ አውጡት። ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሡት። በአንድ ወረቀት ላይ የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደተሰጠው፣ ይህን የሚያውቅ ማን በሕይወት እንዳለ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡት፤ አረጋውያን ያላችሁ ሳይመሽ ጠይቋቸው። ጥብጣቡን ብቻ አትጠቡት። እኔ እስከ ነገ ማታ እዚሁ ጫግኒ ነኝ፤ ማጉያውም፣ መለኪያውም፣ መብራቱም ጠረጴዛው ላይ ናቸው። የምትጠራጠሩት ካለ አምጡት፣ አብረን እንየው።